በግራ እጅ የተሳለ ገጀራ

ጪጩ፣ ዲላ አጠገብ
ነሐሴ 21 ቀን 1957 ዓ.ም.

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፤ አዲስ አበባ።

ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ? ያ የሚያስቸግርህ ጨጓራህ ተሻለው? እኔን ብትጠይቀኝ፣ አምላክ የተመሰገነ ይሁን፣ ከቀኝ እጄ መዳፍ በቀር ደህና ነኝ። መዳፌ ሞረድ ይዞ ስለከረመ ቆዳው ተልጦ፣ ድኖ፣ አሁን እንደ ቁርበት ደርቋል። ይህን አስቀድሜ የምነግርህ «የወታደር ልጅ ቀጥቃጭ ሆነች መባሉ እዚህ ድረስ ተሰማ፤ አዋረድሽኝ» ብለህ ስለጻፍክልኝ ነው። የሰማኸው እውነት ነው። አንድ ነገር ብቻ ላርምህ፤ ቀጥቃጭ ብረቱን ይሠራል፣ እኔ የተሠራውን ነው የሳልኩት። ቀጥቃጭ ብሆንም አላፍርም ነበር። አንተም እዚያ ቢሮህ ውስጥ እርሳስ ትቀርጽ የለም እንዴ? ማን አዋረድከኝ አለህ?

ደብዳቤህ ከነወረቀቱ ማክሰኞ ደረሰኝ። ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ፈለቀ የሚባለው ጭሰኛ የዕቃ ቤታችንን ቁልፍ ሰብሮ አርባ ሦስት ገጀራ፣ ዶማና መጥረቢያ ለሰው አድሏል፤ ስለዚህ ከያዘው መሬት ተነቅሎ እንዲወጣልን «እኛ ሁለት የሟቹ ወራሾች» እናመለክታለን ይላል። አንተ ፈርመህበታል፣ ከፊርማህ ሥር ለእኔ ክፍት ቦታ ትተህልኛል። ከመስቀል በፊት ፈርሜ ካልላክሁ የአባባን ቤት ለቅቄ እንድወጣ፣ ቤቱም እንዲቆለፍ ወኪልህን ጓንጉልን ማዘዝህን ጨምረህ ጽፈሃል። እሺ። አሁን የእኔን መልስ ስማ፤ ረዘም ስለሚል ቁጭ ብለህ አንብበው።

ቁልፍ አልተሰበረም። ዕቃ ቤቱን የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ የከፈትኩትም አባባ ሲያርፍ ከትራሱ ሥር ባገኘሁት ቁልፍ ነው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ጓንጉል በረንዳ ላይ ተቀምጦ ጥርሱን እየፋቀ። ፈለቀ በዚያ ቀን እዚህ አልነበረም፤ ይርጋጨፌ ገበያ ወርዶ ነበር። ጓንጉል ይህን እንደ ስሙ ያውቃል። ታዲያ ለምን በፈለቀ አመካኘ ብትል፣ የጌታውን እኅት ከመክሰስ ጭሰኛ መክሰስ ስለሚቀለው ነው። ሌላም ምክንያት አለው፤ እደርስበታለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ፤ አንተ የምታውቀው ጓንጉል የሚጽፍልህን ብቻ ነውና። አምና በታች በኩል ጭሰኞች አንዱን ወኪል ገጀራ አንሥተው አባረሩት የሚል ወሬ በሰማህ ጊዜ፣ «ብረት ሁሉ ይሰብሰብ፤ ለሥራ ሲፈለግ ይታደል፣ ሥራ ሲያበቃ ይቆለፍበት» ብለህ አዘዝክ። ጓንጉል ግን ካንተ የባሰ ፈሪ ነው። ከየቤቱ የሰበሰበውን ሁሉ ግቢያችን ላይ ቆለለና፣ ብረት ያለ እጀታ ምን ያደርጋል እያለ፣ እጀታውን አንድ በአንድ አስወልቆ ለገዛ ምድጃው ማገዶ አደረገው። ብረቱን ደግሞ ዕቃ ቤቱ ውስጥ እርጥብ የቡና ገለባ ላይ ጣለው። እኔ ቆሜ አየሁ። አፌን ዘግቼ አየሁ። ዛሬ ይህን ያህል የምናገረው ያን ቀን ዝም ስላልኩ ነው።

አንተ ከዚህ ከወጣህ ሃያ ዓመት አልፎሃልና ረስተኸው ይሆናል፤ የዚህ አገር ሰው የሚበላው እንሰት ነው፣ እንሰትም ያለ ስለት አይበላም። ቅጠሉ በገጀራ ይወርዳል፣ ግንዱ በገጀራ ይቆረጣል፣ ሥሩ በዶማ ይወጣል። ሴቶቹ የሚፍቁበት ቀርከሃ እንኳ የሚቀረጸው በብረት ነው። ብረቱን ቆልፈህ ጭሰኛውን እንሰቱ መሐል ተወው ማለት ምጣዱን ወስደህ ዱቄቱን ተወለት ማለት ነው። ሴቶች በተሰበረ ጠርሙስ ቅጠል ሲቆርጡ በዐይኔ አይቻለሁ። የሽማግሌው የባልቻ ሚስት መዳፏን ተቆርጣ ዲላ ክሊኒክ ወስጄ አሰፍቻታለሁ። አንተ ይህን አላዘዝኩም ትላለህ። አላዘዝክም፤ ግን ፈርተህ ያዘዝከው ነገር እዚህ ሲደርስ ይህን መሰለ።

የቀረውን ደግሞ ስማና ከቻልክ ሳቅ። ሐምሌ ሲገባ የራስህ ቡና ሥር ያለው አረም ወገብ ደረሰ። ካልተመነጠረ ጥቅምት ላይ ለቀማ የለም። ጓንጉል ጭሰኞቹን በሙሉ ጠርቶ አሰለፈና ገጀራ ሊያድላቸው ዕቃ ቤት ገባ። ብዙ ቆይቶ አንድ የዛገ ብረት በጨርቅ ይዞ ወጣ። ብረቱን አየው። ሰዎቹን አያቸው። ሰዎቹም ብረቱን አዩት። እጀታውን በልቶታል ለካ፤ ወጥ ሠርቶበታል። ማንም አልሳቀም፣ ከእኔ በቀር። እኔ በሩ ላይ ተደግፌ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ፤ ጓንጉል ይህን ሳቅ ነው እስከ ዛሬ ይቅር ያላለኝ።

በአቦ ማግስት ዕቃ ቤቱን ከፈትኩ። ብረቱ እርስ በርሱ ተጣብቆ፣ ዝገቱ እንደ ቅርፊት ይነሣ ነበር። አንዱን ካንዱ ለማላቀቅ ብቻ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። በአሸዋና በአመድ አሸሁት፣ በጉሎ ዘይት ለውሼ አሳደርኩት፣ እንደገና አሸሁት። ከዚያ ሞረድ። አባባ አንተን ትምህርት ቤት ሲልክ እኔን አጠገቡ አስቀምጦ ያስተማረኝ ይህን ነበር። ሞረድ ወደፊት ሲሄድ ይጫኑታል፣ ሲመለስ ያነሡታል፤ ወደኋላ የጎተተ ሰው ሞረዱንም ስለቱንም ይገድላል። የመጨረሻው በእርጥብ ድንጋይ ነው። ከዚያ የእንሰት ቅጠል አንጠልጥለህ ትሞክረዋለህ፤ ቅጠሉ ከተሰነጠቀ ገና ነው፣ ድምፅ ሳያሰማ ከወረደ በቃ። ይህን ሁሉ የጻፍኩልህ እንድትማረው አይደለም። ሥራ መሆኑን እንድታውቀው ነው።

ባልቻን ታስታውሰዋለህ፤ ያ አባባ ሳያማክረው ችግኝ የማይተክለው ሽማግሌ ነው። አሁን ዐይኑ ደክሟል። በመጀመሪያው ቀን ዱላውን እየጎተተ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠና ያጸዳሁትን ብረት አንድ በአንድ ተቀበለኝ። እኔ ያስጨነቀኝ የማን የማን እንደሆነ እንዴት እለየዋለሁ የሚለው ነበር፤ እጀታ የለ፣ ምልክት የለ። ባልቻ ግን ስለቱን በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ ባለቤቱን ይጠራል። ይኼ ወደ ጫፉ የተበላው የእገሌ ነው፣ እሱ ቆሞ ነው የሚመነጥር። ይኼ መሐሉ የጎደለው የእገሊት ባል ገጀራ ነው፣ ሁልጊዜ ግንድ ላይ ይሠነዝራል። አንድም አልተሳሳተም። ሰው ለሃያ ዓመት አንድን ብረት በራሱ እጅ ሲስል ብረቱ የዚያን ሰው እጅ ይይዛል፤ እኔ ይህን ያወቅሁት ሠላሳ አምስት ዓመቴ ላይ ነው።

እጀታ ለመቅረጽ መቼም ስለት ያስፈልጋል። ስለዚህ በር ኋላ የተሰቀለውን የአባባን ገጀራ አወረድኩና እሱን አስቀድሜ ስዬ ለሰዎቹ ሰጠኋቸው። በእሱ ወይራ ቆረጡ፣ በእሱ እጀታ ጠረቡ። የአባባ ገጀራ በጭሰኛ እጅ ሲዞር ሰማይ አልተደፋም። እኔ የብረቱን ጅራት በእሳት አግዬ እንጨቱ ውስጥ እሰድዳለሁ፣ እነሱ ውኃ ያፈሱበታል። ግቢው ሁሉ ጭስ ጭስ ሸተተ። ከአባባ ተዝካር ወዲህ እዚህ ግቢ ያን ያህል ሰው ገብቶ አያውቅም።

አሁን ከባዱ ጋ ደረስኩ።

በሁለተኛው ሳምንት ከክምሩ ሥር አንድ ገጀራ አነሣሁ። ዝገቱን ሳነሣለት እጄ ቆመ። አባባ ግራኝ እንደነበረ ታውቃለህ። በቀኙ የሚስል ሰው ስለቱን በአንድ ወገን ያዘምመዋል፣ ግራኝ በሌላው ወገን። ይኼ ገጀራ በግራ የተሳለ ነው። ይህ ብቻ ቢሆን ግራኝ ብዙ ነው እል ነበር። ግን ከእጀታው መግቢያ በላይ ሦስት ጣት ያህል ቦታ ሳይሳል ዱልዱም ሆኖ ተትቷል። አባባ የሌባ ጣቱን ጫፍ ካጣ ወዲህ እንዲያ ነበር የሚስለው፤ ሞረዱ እዚያ ሲደርስ ያነሣዋል፣ እጅ ቢያዳልጥ የሚያርፍበት እንዲኖር። ሌላ ሰው እንዲያ ሲስል አላየሁም፤ እኔን እንኳ ሰነፍ ይመስልሻል ብሎ ከልክሎኛል። ጓንጉል በስሕተት የአባባንም ጥሎት ኖሯል ብዬ ልቤ ተቃጠለ። ከዚያ ቀና ስል የአባባ ገጀራ ወይራ እየጠረበ ነው፤ ፊት ለፊቴ።

ለባልቻ ሰጠሁት። አውራ ጣቱን አንዴ ብቻ አሳለፈበት። የአባቴ ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁት። «ይቺ የአባትሽ አይደለችም፣ የፈለቀ ናት» ብሎኝ መልሶ ሰጠኝ፤ ፊቱንም ወደ እንሰቱ አዞረ።

በዚያው ሳምንት ፈለቀ ብረቱን ሊወስድ መጣ። ማን መሳል እንዳስተማረው ጠየቅሁት። አንገቱን ደፍቶ፣ ልጅ ሆኖ ሟቹ ጌታው ያስተማሩት መሆኑን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በበቅሎ እየመጡ ከቤታቸው ኋላ እንሰቱ ሥር ተቀምጠው ያሳዩት እንደነበር ነገረኝ። አሥር ዓመት ሲሞላው ያን ገጀራ የሰጡትም እሳቸው ናቸው። ለምን እሱን ብቻ እንዳስተማሩ ጠየቅሁት። ጆሮውን በግራ እጁ ያዘ።

ቅዳሜ! አባባ ቅዳሜ ቅዳሜ ዲላ ለጉዳይ ወረድኩ ይለን አልነበር? አንተ ትምህርት ቤት ነህ፤ እናታችን ካረፈች ሦስት አራት ዓመት ሆኗታል፤ እኔ ብቻዬን በር ላይ ቆሜ በቅሎዋን ከሩቅ እጠብቅ ነበር።

በማግሥቱ ወደ ወርቂቱ ወረድኩ፤ የፈለቀ እናት ናት። ባል አግብታ አታውቅም። ያንን ልጅና ያንን እንሰት ብቻዋን ነው ያሳደገችው። ከደጇ ላይ ቅጠል ታደርቅ ነበር። ዙሪያ ጥምጥም ሄድኩባት፤ ስለ ዝናቡ ጠየቅኋት፣ ስለ ሚሲዮኑ ጸሎት ቤት ጠየቅኋት፣ ከዚያ ስለ ገጀራው አነሣሁ። የምታደርቀውን ቅጠል ገልብጣ ዘረጋችና፣ «ብረቱን ይኼን ያህል ስታይ ፊቱን አላየሽም ወይ?» አለችኝ። ያን ጊዜ ፈለቀ ከታች ውኃ ቀድቶ ሽቅብ እየመጣ ነበር። ፊቱን አየሁት።

አንተንም አሰብኩህ። የኔታ ግራ እጅህን በመቀነት እያሰሩ በቀኝህ መጻፍ ያስተማሩህን፣ ያም ሆኖ በአባባ ተዝካር ሥጋ ስትቆርጥ ቢላዋው ሳታስበው ወደ ግራህ ሲዞር ማየቴን፣ ሰው ሲጠይቅህና መልስ ሲያጥርህ ጆሮህን የምትይዘውን። ከዚህ በላይ አልጽፍም። ይህ ደብዳቤ በመንገድ ላይ በማን እጅ እንደሚከፈት አላውቅም፣ አንተ ደግሞ ሞኝ አይደለህም።

ወርቂቱ ለማንም እንዳትናገር ለአባባ ቃል ገብታ ኖሯል፤ ቃሏን ከሞተም በኋላ ጠብቃለታለች። እኔን የለመነችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የተከለችው እንሰት ውስጥ እንድንተዋት። ከእሷ ቤት ወጥቼ በቀጥታ አባባ መቃብር ሄድኩ። በሕይወቴ በማንም ላይ እንዲያ ተቆጥቼ አላውቅም። ሰው አይስማኝ ሳልል ጮኽኩበት። በኋላ አለቀስኩ፤ ናፍቆኝም ነበር።

ጓንጉል ያውቃል ብዬ እገምታለሁ። ያን ሁሉ ዓመት የበቅሎዋን ልጓም ይይዝ የነበረ እሱ ነው። ከአርባ ሦስቱ ባለ ብረት መርጦ ፈለቀን ብቻ የከሰሰው ለምን ይመስልሃል? አንተ ሳታውቅ፣ እኔም ሳላውቅ፣ ልጁ ከዚህ መሬት በእኛ ፊርማ እንዲጠፋ ነው። እዚሁ ሆኖ የሚያየው ሰው ተነሥቶ ወኪልነቱ እንዳይነካበት። ይህን አስብበት።

እንግዲህ ና። በደብዳቤህ ከፖሊስ ጋር እመጣለሁ ብለሃል፤ ና። መንገዱ ጭቃ ስለሆነ ጫማህን አስብበት። ገጀራዎቹ ሁሉ በየባለቤታቸው ቤት ናቸው። የሳልኳቸው ሰው እንዲመቱባቸው አይደለም፤ ግን ዳግመኛ ሰብስቡ ብትል እኔ ከደጃፋቸው ቀድሜ እቆማለሁ፣ የምትገፋው የገዛ እኅትህን ይሆናል። ቡናህ ተመንጥሯል። ፈለቀ ነው ቀድሞ የመነጠረው፣ ማንም ሳያዘው፤ ሄደህ ሥሩን እየው፣ አንድ ቅርንጫፍ አልተነካም። ፍርድ ቤት ካቆምከው እኔም እቆማለሁ። ዳኛው ሁለቱን ገጀራ ጎን ለጎን አስቀምጠው እንዲያዩ እጠይቃለሁ። ከዚያ ቀና ብለው የቆሙትን ሰዎች እንዲያዩ እጠይቃለሁ። እኔ የማጣው ነገር የለኝም፤ የፈታኝ ባል ዳግመኛ አይፈታኝም፣ ቀጥቃጭ ያለኝ ሰው ከዚህ የባሰ ስድብ የለውም።

ከቤት ትወጫለሽ ላልከው፣ እወጣለሁ። ወርቂቱ ቤት መደብ አለ፤ ሳልለምናት ነው የነገረችኝ። በገበያ ቀን ጪጩ ላይ ድንጋዬንና ሞረዴን ዘርግቼ የመጣውን ሁሉ እስላለሁ። ሴቶቹ ከወዲሁ ቢላዋቸውን ይዘው እየመጡ ነው። ስምህንም እዚያው እጠራዋለሁ፣ ወንድሜ አዲስ አበባ ትልቅ ሹም ነው እያልኩ። እየቀለድኩ አይምሰልህ።

ግን እንዲህ እንዲሆን አልፈልግም። ክፉ ሰው እንዳልሆንክ አውቃለሁ። በልጅነታችን እኔ ስገረፍ ከእኔ ቀድመህ የምታለቅስ አንተ ነበርክ። ፈርተህ ነው። ሰው የማያየውን ሁሉ ይፈራል፣ አንተ ደግሞ እዚህ የሚኖረውን ሰው አይተኸው አታውቅም። መጥተህ ለሁለት ቀን ብቻ በረንዳው ላይ አብረኸኝ ተቀመጥ። ፈለቀ እጅ ነሥቶህ ያልፋል። እንዲያልፍ አትተወው፤ ጠርተህ አስቀምጠውና ምን እንደምትነጋገሩ ራሳችሁ ታውቃላችሁ። እሱ እኔ የማውቀውን ይወቅ አይወቅ አልጠየቅሁትም። መናገሩ የታላቅ ነው፤ ታላቁ አንተ ነህ።

ወረቀትህን ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሼልሃለሁ። አልቀደድኩትም፣ አልፈረምኩበትም። አንዲት ቃል ላይ ብቻ መስመር አሰመርኩባት፤ «እኛ ሁለት የሟቹ ወራሾች» ከሚለው ላይ «ሁለት» የምትለዋን። ቁጥሩን አስተካክለህ ሌላ ወረቀት ስትጽፍ እፈርማለሁ።

ልጆችህን አንድ በአንድ ሳምልኝ። ለባለቤትህ እጅ እነሣለሁ በልልኝ። እግዚአብሔር ጨጓራህን ይማርልህ፣ ልብህን ያሰፋልህ፣ አዲሱን ዓመት ተያይተን የምንስቅበት ያድርግልን። የአባታችንንም ነፍስ ይማር፤ ከነበደሉ።

የሁለታችሁም እኅት።